አጃቢ አትበሉት

ሰሞኑን ሥነ ጽሑፍ ካወዳጀኝ አንድ ሰው ጋር ክፉኛ ተከራከርን። የክርክሩ መነሻ ቻርሊ ሄይደን የሚባል አሜሪካዊ የጃዝ ቤዝ ተጫዋች ነው። ወዳጄ ጥሩ አንባቢ ነው፤ ልብ ወለድ ሲያነሣ ከዋናው ገጸ ባሕርይ ይልቅ በአንድ ገጽ ብቅ ብሎ ስለሚያልፈው ዘበኛ ማውራት የሚወድ፣ ዐይኑ ረቂቅ የሆነ ሰው። ሙዚቃ ላይ ሲደርስ ግን ያ ረቂቅ ዐይኑ ምን እንደሚጋርደው አላውቅም። ሄይደን የተጫወተባቸውን አልበሞች እየቀያየርኩ ካሰማሁት በኋላ፣ «መልካም ነው፤ ግን ይኸ ሰውዬ ዕድሜ ልኩን ሰው ሲያጅብ የኖረ አይደለም እንዴ? የራሱ የምትለው ሥራ የቱ ነው?» አለኝ። መልስ መስጠት ጀመርኩ፤ ቡናው ቀዘቀዘ፤ እርሱም መሸብኝ ብሎ ሄደ። የቀረውን መልሴን እዚህ እጽፈዋለሁ። የምጽፈው ለእርሱ ብቻ አይደለም፤ እንዲህ ብሎ የሚጠይቅ ሰው በመካከላችን ብዙ ስለሆነ ነው።

በጥያቄው ውስጥ የተቀበረ አንድ ፍርድ አለ። የሙዚቃ ሰው በሁለት ይከፈላል ይላል፤ መሪና አጃቢ። መሪው ይፈጥራል፤ አጃቢው ያግዛል። አጃቢ ሆኖ የኖረ ሰው ወይ አቅም አንሶታል፣ ወይ ዕድል ጠሞበታል። ታሪኩ የሚጀምረው ስሙ በአልበም ሽፋን ላይ በትልቁ ከተጻፈበት ዕለት ነው፤ ከዚያ በፊት ያለው ሁሉ ልምምድ ነው። እኔ ይህ ፍርድ ከሥሩ የተሳሳተ ነው እላለሁ።

መጀመሪያ ቃሉን እንመርምር። አጃቢ የባለሥልጣን ጠባቂ ነው፤ ከሹሙ ፊትና ኋላ የሚሄድ። አጃቢ የሙሽራ ተከታይ ነው፤ ሠርጉ የሌላ ሰው ሆኖ እርሱ ጭብጨባና ጥሩንባ ያዋጣል። አጃቢ ቢቀር ሠርጉ አይቀርም፤ ድምቀቱ ይቀንሳል እንጂ ጋብቻው ይፈጸማል። ይህን ቃል አንሥተን ቤዝ በታቀፈው ሰው ላይ ስንለጥፍ፣ ሳናስበው «ቢኖር ይደምቃል፤ ባይኖርም ይሆናል» ብለን ፈርደንበታል።

የሚያሳዝነው የገዛ ቋንቋችን ከዚህ የተሻለ ቃል እያለው ነው። በሕዝብ ዜማችን አውራጅ አለ፤ ተቀባይ አለ። በቡሄ ሰሞን ተቀባዮቹ የደከሙበት ሆያ ሆዬ፣ አንድ ልጅ በሰው ደጃፍ ብቻውን የሚጮኽበት ጩኸት ሆኖ ይቀራል። አዝማሪ ቤት ሲገባ ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ይገለጣል። «ተቀበል!» ብሎ ግጥም የሚሰጠው እንግዳው ነው፤ ተቀብሎ፣ አጣጥሞ፣ በማሲንቆው አሽቶ የሚያወጣው አዝማሪው ነው። ከሁለቱ ባለሙያው ማን ነው? ያለ ጥርጥር ተቀባዩ። መቀበል ከመስጠት የማያንስ ጥበብ መሆኑን የምናውቅ ሰዎች ነን፤ ባንድ መድረክ ላይ ሲወጣ ግን እንረሳዋለን። ቻርሊ ሄይደን በዚህ ትርጉም ተቀባይ ነበር፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው።

ሄይደን በነሐሴ 1937 (በዚህ ጽሑፍ የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በአሜሪካ አዮዋ ግዛት ሼናንዶዋ በምትባል አነስተኛ ከተማ ተወለደ። ቤተ ሰቡ በሬዲዮ የገጠር ዜማ የሚዘፍን ባንድ ነበር፤ አባት፣ እናትና ልጆች በአንድ ማይክራፎን ዙሪያ። ሕፃኑ ቻርሊ ሁለት ዓመት ሳይሞላው በሬዲዮ መዝፈን ጀመረ። በቤተ ሰብ ኅብረ ዜማ ያደገ ልጅ የመጀመሪያ ትምህርቱ አንድ ነው፤ የእኅቱን ድምፅ ካልሰማ የራሱን ማስቀመጫ ቦታ አያገኝም።

በአሥራ አምስት ዓመቱ ፖሊዮ ያዘው። በሽታው ጉሮሮውንና የፊቱን ጡንቻዎች ስለ ነካው መዝፈኑ ቀረ። ታላቅ ወንድሙ ቤዝ ይጫወት ነበርና ልጁ ያንን ትልቅ ሳጥን አቀፈ። ብዙ ሰዎች ይህን ታሪክ ሲሰሙ «ድምፁን ያጣ ልጅ መሣሪያ አገኘ» ብለው ያልፋሉ። እኔ ግን ሌላ ነገር እሰማበታለሁ። ዘፋኝ የነበረ ሰው ቤዝ ሲይዝ እያንዳንዱን ኖታ እንደ ቃል ያወጣዋል፤ የማያስፈልገውን ቃል አይናገርም። የሄይደን ቤዝ የተለየበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ድምፁ ወፍራም፣ ከእንጨቱ ሆድ የሚወጣ፣ የአንጀት ክር ጠረን ያለው ነው። ኖታው ጥቂት ነው። ፍጥነት አያሳይም። «ከበሮ በሰው እጅ ሲያዩት ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር» እንዲሉ፣ ቀላል የሚመስለው ለሩቅ ተመልካች ነው።

በ1957 ወደ ሎስ አንጀለስ ሄደ። እዚያ ኦርኔት ኮልማን ከሚባል፣ ሙዚቀኞች ከመድረክ የሚያባርሩት የሳክስፎን ተጫዋች ጋር ተገናኘ። የሆነውን ለመረዳት በዚያ ዘመን የቤዝ ሥራ ምን እንደ ነበር ማወቅ ያስፈልጋል። የጃዝ ዘፈን አስቀድሞ የተወሰነ የኮርድ ሰንሰለት አለው። ሳክስፎኑ በዚያ ሰንሰለት ላይ ይፈጥራል፤ ቤዙ በእያንዳንዱ ባር ውስጥ አራት እርምጃ እየተራመደ የሰንሰለቱን መንገድ ያሳያል። ቤዙ ካርታ ነው ማለት ይቻላል። ኮልማን ያንን ሰንሰለት ጣለው። ዜማው በስሜት ወደ መራው ይሄዳል፤ ኮርዱ ዜማውን ይከተላል እንጂ ዜማው ለኮርዱ አይገዛም። ታዲያ ካርታው ሲቀደድ ካርታ አንባቢው ምን ይሠራል?

ወዳጄ ሆይ፣ መልስህ እዚህ ላይ ነው። ሄይደን የሚከተለው መንገድ አልነበረውም። ኮልማን ወዴት እንደሚታጠፍ ራሱ ኮልማንም አስቀድሞ አያውቅም። ሄይደን ሳክስፎኑን እየሰማ፣ ዜማው የሚቆምበትን መሬት በዚያችው ቅጽበት ከእግሩ ሥር ማንጠፍ ነበረበት። ግንቦት 1959 በሎስ አንጀለስ የተቀዳውን «ዘ ሼፕ ኦቭ ጃዝ ቱ ካም» የተባለ አልበም አድምጠው። የመጀመሪያው ሥራ «ሎንሊ ውማን» ይባላል፤ «ብቸኛዋ ሴት» እንደ ማለት ነው። የቢሊ ሂጊንስ ድራም በፍጥነት ይሮጣል። ኮልማንና ትራምፔት ተጫዋቹ ዶን ቼሪ እንደ ለቅሶ ቀስ ብለው ይጎተታሉ። በሁለቱ መካከል ሄይደን ሁለት ክሮችን በአንድ ጊዜ እየመታ ቆሟል። ሩጫውንም ለቅሶውንም የሚይዛቸው እርሱ ነው። ቤዙን ከዚህ ሥራ አውጣና የሚቀረውን ስማ፤ ሁለት የማይተዋወቁ ባንዶች በአንድ ክፍል ውስጥ ይሆናሉ። ይህ ማጀብ ከሆነ ምሰሶም ጣሪያን ያጅባል ማለት ነው።

በዚያው ዓመት ኅዳር ባንዱ ኒው ዮርክ ፋይቭ ስፖት ክለብ ገባ። የጃዝ ዓለም ለሁለት ተከፈለ፤ ገሚሱ አዲስ ዘመን መጣ አለ፣ ገሚሱ ማጭበርበር ነው አለ። ሄይደን ራሱ ደጋግሞ የተረከው አንድ ገጠመኝ አለ። ዐይኑን ጨፍኖ ሲጫወት ቆይቶ ቢገልጥ፣ አንድ ሰው መድረክ ላይ ወጥቶ ጆሮውን ከቤዙ ሆድ ላይ ለጥፎ ያዳምጣል። ሰውየው ሌናርድ በርንስታይን ነበር፤ የኒው ዮርክ ፊልሃርሞኒክ ኦርኬስትራ መሪ። አንድ የታወቀ መሪ ግራ የገባውን ሙዚቃ ምንጭ ሲፈልግ ጆሮውን የት እንዳስጠጋ ልብ በሉ።

በታኅሣሥ 1960 ኮልማን ሁለት ኳርቴቶችን በአንድ ጊዜ አቁሞ «ፍሪ ጃዝ» የተባለውን አልበም ቀዳ። ሁለት ቤዞች ነበሩ፤ አንዱ ሄይደን፣ ሌላው ስኮት ላፋሮ። ላፋሮ በላይኛው የድምፅ ክልል እንደ ጊታር የሚበር፣ በ1961 በ25 ዓመቱ በመኪና አደጋ የተቀጨ ድንቅ ልጅ ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን ስትሰሙ ፉክክር አታገኙም። አንዱ ሲወጣ አንዱ ይወርዳል። ሄይደን ከላፋሮ ጋር ለመብረር ቢሞክር ኖሮ መሬት የሚሆን ሰው ባልነበረ። ዝቅ ብሎ መቆየት እዚያ ላይ የአቅም ማነስ አይደለም፤ ውሳኔ ነው። በ1966 ደግሞ ኮልማን የአሥር ዓመት ልጁን ዴናርዶን ድራም ላይ አስቀምጦ «ዚ ኤምፕቲ ፎክስሆል» የተባለውን አልበም ሲቀዳ፣ ሦስተኛው ሰው ሄይደን ነበር። ስሙን የሚጠብቅ ሙዚቀኛ ከሕፃን ድራም መቺ ጋር አልቆምም ባለ ነበር። ሄይደን የአዋቂውን የቢሊ ሂጊንስን ድራም በተቀበለበት ጆሮ የልጁንም ተቀበለ።

ሕይወቱ ተረት አልነበረም። በ1960ዎቹ መጀመሪያ በሄሮይን ሱስ ምክንያት ከባንዱ ርቆ በማገገሚያ ቆይቷል። ይህን የማነሣው ለማሳዘን አይደለም። ይህ ትሑት የሚመስል የመድረክ ቦታ ምን ያህል ዋጋ ያስከፍል እንደ ነበር እንዳይረሳ ነው።

እዚህ ላይ ተከራካሪዬ «ሚንገስስ?» እንደሚለኝ አውቃለሁ። ቻርልስ ሚንገስ ቤዝ ተጫዋች ነበር፤ ነገር ግን ባንድ መርቷል፣ ትልልቅ ድርሰቶች ደርሷል፣ በ1971 የሕይወት ታሪኩን አሳትሟል። ቤዝ ተጫዋች ታላቅ የሚሆነው እንዲህ መሪ ሲሆን ነው ይባላል። ሚንገስን ከማንም ያላነሰ እወደዋለሁ። ግን የሚንገስ ታሪክ የሚመሰክረው ለእኔ ነው። በግንቦት 1953 በካናዳ ቶሮንቶ ማሲ ሆል ውስጥ ቻርሊ ፓርከር፣ ዲዚ ጊሌስፒ፣ በድ ፓወልና ማክስ ሮች ከእርሱ ጋር የተጫወቱበት ዝነኛ ኮንሰርት አለ። ቴፑ ሲሰማ ቤዙ በደንብ አልተቀዳም ነበር። ሚንገስ ስቱዲዮ ገብቶ የራሱን ቤዝ በቴፑ ላይ ደግሞ ቀዳው፤ ከማክስ ሮች ጋር ባቋቋመው የሸክላ ኩባንያም አሳተመው። አያችሁ? ዘመኑ የማይሰማውን ድምፅ እንዲሰማ ለማድረግ ኩባንያ ማቋቋም አስፈለገው። ሚንገስ መሪ የሆነው ቤዝ ትንሽ ስለ ነበረ አይደለም፤ ጆሯችን ትንሽ ስለ ነበረች ነው።

አንድ ነገር ግን አምናለሁ፤ ካላመንኩም ክርክሬ ሐሰት ይሆናል። የተቀባይነትን ክብር ማወደስ ለቆጣቢ አሳታሚ መልካም ሰበብ ሊሆን ይችላል። «ታላቅነትህ በመደበቅህ ነው» እየተባለ የሰው ጉልበት በርካሽ ሊበላ ይችላል። ፖል ቼምበርስን ተመልከቱ። በ1959 የተቀዳው የማይልስ ዴቪስ «ካይንድ ኦቭ ብሉ» በጃዝ ታሪክ በብዛት ከተሸጡት አልበሞች አንዱ ነው። የመጀመሪያውን ሥራ ዋና ዜማ የሚናገረው የቼምበርስ ቤዝ ነው፤ ሌሎቹ የሚመልሱለት ናቸው። የጆን ኮልትሬን «ጃያንት ስቴፕስ» ላይም አለ፤ ኮልትሬን «ሚስተር ፒ ሲ» የተባለውን ሥራ የሰየመው በእርሱ ስም ነው። ቼምበርስ በራሱ ስምም እንደ «ቤዝ ኦን ቶፕ» ያሉ አልበሞች አውጥቷል። ይህ ሁሉ ሆኖ በጥር 1969 በ33 ዓመቱ በሳንባ ነቀርሳ ሞተ። በጊዜው የነበረው አሠራር ለባንድ አባል የቀረጻውን ቀን ክፍያ ይሰጣል፤ የሽያጩ ድርሻ ሽፋኑ ላይ ለተጻፈው ስም ነው። እኔ የምከላከለው ሙያውን እንጂ ይህን አሠራር አይደለም። ሁለቱን መለየት ያስፈልጋል። ደሞዙ አነስተኛ ስለሆነ ሥራው አነስተኛ ነው የምንል ከሆነ፣ በአሳታሚው ሚዛን ጥበብን እየመዘንን ነው።

አሁን ወደ ወዳጄ ዋና ጥያቄ ልመለስ፤ «የራሱ የምትለው ሥራ የቱ ነው?» ሄይደን መሪም ነበር። አመራሩ ግን ወዳጄ ከሚያውቀው ዐይነት አይደለም።

በ1969 ጸደይ፣ የቬትናም ጦርነት በሚነድበት ሰዓት፣ «ሊበሬሽን ሚዩዚክ ኦርኬስትራ» የተባለ ከአሥር ሰው በላይ ያለበት ባንድ አቁሞ አንድ አልበም ቀዳ። የስፔን የእርስ በርስ ጦርነት ዘፈኖች አሉበት፤ «ሶንግ ፎር ቼ» የተባለው የራሱ ድርሰት አለበት። በ1968 በቺካጎ በተደረገው የዴሞክራቶች ጉባኤ ላይ፣ የሰላም ሐሳባቸው የተሸነፈባቸው ልዑካን መዝፈን ሲጀምሩ የጉባኤው ኦርኬስትራ ድምፃቸውን እንዲውጥ ተደርጎ ነበር፤ ያንን የሚያስታውስ ሥራም አለበት። ሙዚቃ ድምፅን ለማፈን ሲውል ያየ ሙዚቀኛ የሰጠው መልስ ነው።

ታዲያ በመጀመሪያው ታላቅ የመሪነት ሥራው ምን አደረገ? የዘፈኖቹን ቅንብር ለካርላ ብሌይ ሰጣት። ረጃጅሞቹን ነጠላ ጨዋታዎች ለዶን ቼሪ፣ ለጋቶ ባርቢየሪ፣ ለዱዊ ሬድማን፣ ለሮዝዌል ራድ አካፈለ። ሽፋኑን ተመልከቱት፤ የባንዱ ስም የተጻፈበት ሰፊ ሰንደቅ ተዘርግቷል፤ በአንድ ጫፍ ሄይደን፣ በሌላው ጫፍ ብሌይ ይዘውታል፤ ሙዚቀኞቹ ሁሉ ከሥሩ ቆመዋል። የመሪ ሥራ ሰንደቁን ከዳር ሆኖ መያዝ ነው፤ መካከሉ የሌሎች ነው። ይህን ከየት ተማረው? ከአጃቢነቱ።

ከዚያ ወዲህ ስላለው አንድ ሌሊት ደግሞ ልንገራችሁ። ኅዳር 1971 የኦርኔት ኮልማን ባንድ በፖርቱጋል ካስካይስ በጃዝ ፌስቲቫል ላይ ተገኘ። ፖርቱጋል ያን ጊዜ በአምባገነን ሥርዓት ሥር ነበረች፤ በአንጎላ፣ በሞዛምቢክና በጊኒ ቢሳው የቅኝ ግዛት ጦርነት ትዋጋለች። የእነዚያ ሀገሮች ነጻነት በ1963 አዲስ አበባ ላይ የተመሠረተው የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ዋና ጉዳይ መሆኑን እኛ እናውቃለን። ባንዱ የኮልማን ነው፤ ሄይደን በዚያ ሌሊት በወዳጄ አነጋገር «አጃቢ» ነው። ያ አጃቢ ወደ ማይክራፎኑ ቀርቦ «ሶንግ ፎር ቼ» የተሰኘው ሥራ ለሞዛምቢክ፣ ለጊኒ ቢሳውና ለአንጎላ የጥቁር ሕዝቦች የነጻነት ንቅናቄዎች መታሰቢያ እንዲሆን ተናገረ። አዳራሹ በጩኸትና በጭብጨባ ተናወጠ። በማግሥቱ በሊዝበን አውሮፕላን ጣቢያ የምስጢር ፖሊስ ያዘው፤ ወስደውም መረመሩት። የተለቀቀው የአሜሪካ ኤምባሲ ባልደረባ ጣልቃ ገብቶ ነው።

ሁለት ዓመት ተኩል ሳይሞላ፣ በሚያዝያ 1974፣ ያ ሥርዓት ወደቀ፤ ሦስቱም ሀገሮች እስከ 1975 ነጻነታቸው ተረጋገጠ። አንድ የቤዝ ተጫዋች መንግሥት ጣለ የምል ሞኝ አይደለሁም። የምለው ሌላ ነው። ከኋላ የቆመው ሰው ሐሳብ የለውም፣ ድምፅ የለውም፣ የፊተኛው ሰው ጥላ ነው የሚለውን ፍርድ የፖርቱጋል ምስጢር ፖሊስ እንኳ አልተቀበለውም። የተናገረው ማን እንደሆነ ያውቁ ነበር፤ የያዙትም እርሱን ነው። የሚገርመው ፖሊስ የለየውን ሰው እኛ የጥበብ ወዳጆች ነን የምንለው አለመለየታችን ነው።

በ1976 በራሱ ስም ያወጣው «ክሎዝነስ» የሁለት ሁለት ሰው ጨዋታ ነው፤ በየተራ ከኮልማን፣ ከኪት ጃሬት፣ ከአሊስ ኮልትሬንና ከፖል ሞሺያን ጋር። ከሞሺያን ጋር ያለው ሥራ ስሙ «ለነጻዪቱ ፖርቱጋል» የሚል ትርጉም አለው። አልበሙ «የእኔ» ተብሎ ወጣ፤ ውስጡ ሲከፈት አራት ወዳጆች ተገኙበት። በዚያው ጊዜ ከዶን ቼሪ፣ ከዱዊ ሬድማንና ከኤድ ብላክወል ጋር «ኦልድ ኤንድ ኒው ድሪምስ» የተባለ፣ አራቱም የኮልማን ተጫዋቾች የነበሩበትን ባንድ መሠረቱ፤ አለቃ አልሾሙበትም። በ1986 ባቋቋመው «ኳርቴት ዌስት» የአሮጌ ፊልሞችን ዘመን ዜማ አነሣ፤ «ሆንትድ ሃርት» በተባለው አልበም ባንዱ ተጫውቶ ሲጨርስ የቢሊ ሆሊዴይ፣ የጆ ስታፎርድና የጄሪ ሳውዘርን የድሮ ቅጂዎች እንዲገቡ አደረገ። በገዛ አልበሙ የመጨረሻውን ቃል ለሌላ ሰው የሚሰጥ መሪ ስንት ታውቃላችሁ? በ1997 ከጊታር ተጫዋቹ ከፓት ሜቴኒ ጋር ያወጣው «ቢዮንድ ዘ ሚዙሪ ስካይ» ግራሚ ተሸለመ፤ እርሱም የሁለት ሰው ጨዋታ ነው። ከ1982 ጀምሮ በካሊፎርኒያ የሥነ ጥበብ ተቋም የጃዝ ትምህርት ክፍል አቋቁሞ ሲያስተምርም ኖሯል።

ከእነዚህ ሁሉ የምንማረው አንድ ነገር ነው። የሄይደን ሥራ አጃቢ የነበረበትና መሪ የሆነበት ተብሎ ለሁለት አይከፈልም። ያው አንድ ሰው ያንኑ አንድ ሥራ ሲሠራ ነበር፤ መስማት። በሰው ባንድ ውስጥ ሰማ፤ በራሱም ባንድ ውስጥ ሰማ። መሪ መሆን መስማት ማቆም ነው ብሎ የሚያስብ ሰው ባንድ አይመራም፤ ያስጨንቃል እንጂ።

አሁን ወደ ራሳችን ልመለስ፤ ጠቡ እዚህ ነውና። የካሴቶቻችንን ሽፋን አውጡና ተመልከቱ። የዘፋኙ ፎቶ አለ፤ ስሙ በትልቁ አለ። ከሥሩ «በእገሌ ባንድ ታጅቦ» የሚል ይኖራል፤ ብዙ ጊዜ እርሱም አይኖርም። ቤዙን ማን መታው? የማሕሙድ አሕመድን «ኧረ መላ መላ» በ1975 ከተሠራበት ጊዜ ጀምሮ ስንት ሠርግና ስንት ስደት ሰምቶታል! በአውሮፓም በ1980ዎቹ ታትሞ ለውጭው ጆሮ በር ከፍቷል። የተጫወተው አይቤክስ ባንድ ነው፤ ኋላ ሮሃ የተባለው። የባንዱ ቤዝ ተጫዋች ጆቫኒ ሪኮ ይባላል። ከመቶ አድማጭ ስንቱ ይህን ስም ያውቃል? ዘፈኑን ሲያስታውስ ግን ሰው ሳያውቀው በትከሻው የሚመልሰው ያንን የሚሽከረከር የቤዝ ሐረግ ነው። ሰውነታችን የሚያውቀውን ስም አፋችን አያውቀውም።

ሕጉ እንኳ ከእኛ ቀድሟል። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ዓ.ም. ሥራውን ለሚከውነው ሙዚቀኛም መብት ሰጥቷል። ሕግ የሰጠውን ግን ልማድ ሊነፍግ ይችላል። ስሙ ያልተጻፈ ሰው መብቱን በምን ይጠይቃል? ስም መጻፍ የጨዋነት ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የእንጀራ ጉዳይም ነው።

የሥነ ጽሑፍ ሰዎችስ ከዚህ ወቀሳ እናመልጣለን? «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ሐዲስ ዓለማየሁ ጻፉት፤ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ አነበበው። ከእኛ ውስጥ መጽሐፉን በዐይኑ ሲያነብ የወጋየሁ ድምፅ በጆሮው የማይመጣበት ማን ነው? ወጋየሁን የሐዲስ «አጃቢ» ብሎ ለመጥራት የሚደፍር ካለ ይምጣ። ወጋየሁ ተቀበለ፤ በመቀበሉም መጽሐፉን ለሁለተኛ ጊዜ ወለደው። በንባብ ዓለም ይህን ለማየት የማይቸገር ወዳጄ፣ በሙዚቃ ዓለም ለምን እንደሚታወር አሁንም አልገባኝም።

ሄይደን በኋለኛው ዕድሜው ጆሮው ውስጥ በማያቋርጥ ጩኸት ይሠቃይ ነበር፤ የመስማት ሊቅ መስማት ሕመም ሆነበት፤ መስማቱን ግን አልተወም። በ1999 ባወጣው አልበም መጨረሻ ላይ አንድ የማይጠበቅ ነገር አለ። በአሥራ አምስት ዓመቱ በፖሊዮ መዝፈን የተወው ሰው ስድሳ ዓመት ካለፈው በኋላ አንድ የቆየ የሕዝብ መዝሙር በራሱ ድምፅ ዘፈነ። ድምፁ ቀጭንና የደከመ ነው። ፊት ወጥቶ ለመታየት የዘፈነ አይመስልም፤ ልጅ ሳለ ያቋረጠውን ዐረፍተ ነገር የሚጨርስ ይመስላል። ሐምሌ 2014 በሎስ አንጀለስ በ76 ዓመቱ ዐረፈ።

ወዳጄ ሆይ፣ ሌላ ቀን ስትመጣ ቡናው ትኩስ ይሆናል። «ሎንሊ ውማን»ን እንደገና እከፍትልሃለሁ። ሳክስፎኑን ተወው፤ እርሱ ራሱን ያሰማል። ከሥር ያለውን ስማ። ከዚያ በኋላ ጥያቄህን ደግመህ ጠይቀኝ። አንድ ነገር ብቻ አደራ እልሃለሁ፤ አጃቢ አትበለው። ተቀባይ በለው፤ ስሙንም ጨምረህ ጥራው።